የቁም ተዝካር ለስላክዌር

የኮምፒውተር ባለሙያዎች በተሰበሰቡበት የስላክዌር ስም ሲነሳ የሚከተለው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «እሱ ነገር አሁንም አለ እንዴ?» ከዚያ ሳቅ፣ ከሳቁ በኋላ ትዝታ። አንዱ ሊኑክስን የለመደው በእሱ እንደሆነ ያወራል፤ ሌላው «አያታችን» ይለዋል። ምስጋና ይመስላል እንጂ የቀብር ንግግር ነው። ችግሩ፣ ሟች የተባለው አልሞተም።

ነገሩ ለማያውቅ ሰው፦ ሊኑክስ በራሱ የሥርዓቱ አስኳል ብቻ ነው። አስኳሉን ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር አሰናድቶ፣ ለመጫን ዝግጁ አድርጎ የሚያቀርበው ጥቅል «ዲስትሮ» ይባላል። ዛሬም እየተሠራባቸው ካሉት ዲስትሮዎች በዕድሜ የሚበልጠው ስላክዌር ነው። ፓትሪክ ቮልከርዲንግ የተባለ በሚኒሶታ ይማር የነበረ ወጣት እ.ኤ.አ. በጁላይ 1993 በ24 ፍሎፒ ዲስክ የሚገለበጥ አድርጎ አወጣው። ዛሬ ስሙ የገነነው ዴቢያን የታወጀው ከዚያ አንድ ወር ቆይቶ ነው። ቮልከርዲንግ ያን ሥራ እስካሁን አልለቀቀም።

ታዲያ ስሙ ለምን ወደቀ? ከክሶቹ አንዱ፣ ፕሮግራም ሲጫንበት የሚያስፈልጉትን ተጓዳኞች ራሱ ፈልጎ አያመጣም የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ሆን ተብሎ የተመረጠ አሠራር ነው፣ የማይመቸው ሌላ ይጠቀም። ዋናው ክስ ግን መዘግየቱ ነው። 14.2 የተባለው እትም በ2016 ወጣ፤ ቀጣዩ 15.0 የመጣው በፌብሩዋሪ 2022 ነው። አምስት ዓመት ተኩል! «ሞቷል» የሚለው ወሬ የደራውም በእነዚህ ዓመታት ነው። ነገር ግን በእነዚያው ዓመታት ለ14.2 የደህንነት ማስተካከያ ይወጣ ነበር፤ የቀጣዩ እትም የሙከራ ቅጂም በየጊዜው ይታደስ ነበር። የለውጡ መዝገብ ለማንም ክፍት ነው። መዝገቡን ከፍቶ ማየት ደግሞ ከመሳለቅ የበለጠ ጊዜ አይወስድም።

የቴክኖሎጂው ሰው ዕድሜን በቁጥር፣ ሕይወትን በጫጫታ ይለካል። ይህ ልማድ የዛሬ አይደለም። በ1999 ስላክዌር ከ4.0 ዘሎ 7.0 ሆነ። ምክንያቱ ሌላ አልነበረም፤ የሌሎቹ ቁጥር ከፍ ስላለ ብቻ ሰው ስላክዌርን ኋላ ቀር አድርጎ ይቆጥረው ነበር። ቁጥር ለዋጭ ሳይሆን ቁጥር ቆጣሪ ነው ማፈር ያለበት።

«አስተማማኝ» የሚባሉትስ? ከበስተጀርባው ሬድ ሃት የቆመለት ሴንትኦኤስ 8 እስከ 2029 ድጋፍ ይኖረዋል ተብሎ ስንቱ ሰርቨሩን ጭኖበታል። በዲሴምበር 2020 ማስታወቂያ ወጣና ዕድሜው በ2021 መጨረሻ እንዲያበቃ ተወሰነ። በአንድ መግለጫ ከሰባት ዓመት በላይ ተቆረጠ። ሆኖም በየስብሰባው የሚሳቅበት ስላክዌር ነው።

ከሳቁ ይልቅ የሚያሳፍረው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። በ2018 ቮልከርዲንግ የስላክዌርን ሲዲ ይሸጥ የነበረው ሱቅ ድርሻውን በወጉ እየከፈለው እንዳልሆነ፣ ኑሮም እንደከበደው በይፋ ተናገረ። ያኔ ስንት «በእሱ ነው የተማርኩት» ባይ ደመወዙን እየቆጠረ ነበር? ደግነቱ፣ ያን ሲሰሙ ኪሳቸው የገቡ ሰዎች አልጠፉም። ግን ሰውየው እስኪጮህ መጠበቅ ነበረበት?

«በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ያለ ነገር አያስተማምንም» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ከባድ ነው፤ ቮልከርዲንግ በ2004 በጠና ታምሞ ብዙዎች ደንግጠው ነበር። ዛሬ የሚያግዙት ቢኖሩም የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው። ነገር ግን ብቸኛን ሠራተኛ «ዘገየህ» ብሎ መወትወት ምን እንደሚያስከትል ኤክስዚ አሳይቷል። ይህ ፋይል ማመቂያ ፕሮግራም፣ የስላክዌር ጥቅሎችም የሚታመቁበት ነው፤ ለዓመታት በትርፍ ሰዓቱ የያዘው ላሴ ኮሊን የተባለ ፊንላንዳዊ ነው። በ2022 ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች «ሥራው ቆሟል፣ ለሌላ አስረክብ» እያሉ ወጠሩት። ብዙ ባለሙያዎች እነዚያ ወትዋቾች የሴራው አካል እንደነበሩ ይጠረጥራሉ። «ጂያ ታን» በሚል ስም የመጣው ረዳት ቀስ በቀስ ሥልጣን አገኘና በ2024 በፕሮግራሙ ውስጥ ድብቅ በር ከፈተ። የተያዘው በአጋጣሚ ነው፤ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ወደ ሰርቨር መግቢያው በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት ሲፈትሽ ደረሰበት።

የሚገርመው፣ ድብቁ በር እንዲሠራ የታለመው ትልልቆቹ፣ «ሕያው» የሚባሉት እነ ዴቢያንና ፌዶራ በሚጠቀሙባቸው የጥቅል ዓይነቶች ላይ ነበር። ለ«አያታችን» ጥቅል ያሰበ አጥቂ አልነበረም፤ እሱን አጥቂዎቹም ሞቷል ብለው ሳይሆን አይቀርም። ቮልከርዲንግ ግን በዚያ ሰሞንም እንደ ወትሮው መዝገቡ ላይ የዕለቱን ለውጥ እየጻፈ ነበር።