“አሜሪካ ይጎትት ነበር” ማስረጃ አይደለም!

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ተናድጄ ነው የምጽፈው፣ አልደብቅም።

በጋ በመጣ ቁጥር በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው። “ቲቸር፣ ከአሜሪካ ይዤው የመጣሁት መኪና እዚህ ጀርመን ስንት ኪሎ ተሳቢ መጎተት ይፈቀድለታል?” ጥያቄው ጥሩ ነው። የሚያናድደኝ እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት ሌላ ሰው የሰጠው መልስ ነው። “አቦ አታካብድ! እሱ መኪና እኮ አሜሪካ ሶስት ቶን ይጎትት ነበር።” ወይም ደግሞ፣ “እኔ ሁለት ቶን ጎትቼ በርሊን ደርሼ መጥቻለሁ፣ ማንም ምንም አላለኝም።” በዚህ ምክር ተሳቢ ይገዛል። የሰርግ ድንኳንና ወንበር ይጫናል፣ ለበጋው የኳስ ውድድር የምግብ ዕቃ ይጫናል፣ ያገለገለ መኪና ሳይቀር ተጭኖ አውቶባን ላይ ይወጣል።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ እንዲህ ብሎ የሚመክር ሰው በሌላ ሰው ሕይወት፣ በሌላ ሰው ገንዘብና በሌላ ሰው ወረቀት ነው የሚቀልደው። ምክንያቴን በተራ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ሕጉ የሚጠይቀው “ይችላል ወይ?” ሳይሆን “ተፈቅዶለታል ወይ?” ነው

መልሱ ያለው ኢንተርኔት ላይ ወይም በር ላይ በተለጠፈው የፋብሪካ ጽሑፍ ላይ አይደለም። ያለው በዚህ አገር ሊብሬ፣ ፋርዞይግሻይን በምንለው ወረቀት ላይ ነው። ሶስት ቦታ ፈልጉ። ኦ.1 የሚለው የራሱ ፍሬን ያለው ተሳቢ ስንት ኪሎ ድረስ እንደሚፈቀድ ይናገራል። ኦ.2 ፍሬን ለሌለው ተሳቢ ነው፤ ይሄኛው ለተራ መኪና መቼም ከ750 ኪሎ አያልፍም። ተራ ቁጥር 13 ደግሞ ተሳቢው መጎተቻው ኳስ ላይ ቁልቁል የሚያሳርፈው ክብደት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሶስተኛውን አይቶት አያውቅም፤ እመለስበታለሁ።

ለአውሮፓ ገበያ የተሰራ መኪና እነዚህ ቁጥሮች ከፋብሪካው ተዘጋጅተው ይመጡለታል። ለአሜሪካ ገበያ የተሰራ መኪና ግን ብዙ ጊዜ የአውሮፓ ሰርተፊኬት የለውም። ስለዚህ ቲዩፍ ወይም ዴክራ ሄዶ ለብቻው ይመረመራል፤ መርማሪው በማስረጃ የተረጋገጠለትን ይጽፋል። ስለ መጎተት ማስረጃ ካልቀረበለት ቦታው ላይ ሰረዝ ያደርግበታል። ያ ሰረዝ “አልተጠየቀም” ማለት አይደለም፤ ዜሮ ማለት ነው። ሰረዝ ያለበት መኪና አሜሪካ ውስጥ ተራራ ቢጎትት እንኳን እዚህ የልጆች ብስክሌት የጫነች ትንሽ ተሳቢ መጎተት አይችልም።

ቁጥር ከተጻፈም በኋላ ጣሪያ አለ። የተራ መኪና ተሳቢ፣ ፍሬን ቢኖረውም፣ ከመኪናው ከራሱ የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደት መብለጥ የለበትም። ለአገር አቋራጭ መኪናዎች አንድ ተኩል እጥፍ ድረስ ይፈቀዳል። ያም ሆኖ 3500 ኪሎ የመጨረሻው ጣሪያ ነው።

ይህችን 3500 የምትባል ቁጥር በደንብ ያዟት፣ ብዙ ሰው የምታሳስት እሷ ናት። አሜሪካ ውስጥ በብዙ መኪናዎች መመሪያ ላይ 3500 ተብሎ ታገኛላችሁ፤ ግን ፓውንድ ነው። 3500 ፓውንድ 1588 ኪሎ ነው፣ ወደ 16 ኩንታል። 3500 ኪሎ ደግሞ 35 ኩንታል። አንድ ሻጭ ለአንድ ወገናችን “3500 ይጎትታል” ብሎ መኪና ሲሸጥለት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። “ምን? ፓውንድ ነው ኪሎ?” ብዬ ስጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ። በዚያ ትከሻ ውስጥ ያለው ልዩነት 19 ኩንታል ነው!

ሁለተኛ፣ “ሞተሩ ያው፣ ሻንሲው ያው፣ ባሕር ሲሻገር ተቀየረ እንዴ?”

ይህ ከሚቀርቡት ክርክሮች ሁሉ ጠንካራው ነው፣ በቁም ነገር መልስ ይገባዋል። አዎ፣ ብረቱ አልተቀየረም። የተቀየረው ቁጥሩ የወጣበት ሂሳብ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የተለመደው አጫጫን ከተሳቢው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ኳሱ ላይ እንዲያርፍ ነው። 2000 ኪሎ ተሳቢ ከሆነ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ኳሱ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ለምን? ፊቱ የከበደ ተሳቢ በፍጥነት ሲሄድ ጭራውን አይወዘውዝም። እዚያ ደግሞ ፍጥነቱ ከፍ ያለ ነው።

አውሮፓ ሌላ መንገድ መረጠ። ጀርመን ውስጥ ተሳቢ የሚጎትት መኪና መደበኛ ፍጥነቱ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው። አውቶባን ላይ 100 የሚፈቀደው ተሳቢውና መኪናው የተወሰኑ መስፈርቶችን አሟልተው ምልክቱ ሲለጠፍበት ብቻ ነው። ፍጥነቱ ዝቅ ስላለ ኳሱ ላይ የሚያርፈውም ትንሽ ነው። ሕጉ ቢያንስ 4 በመቶ ይላል፣ ግን ከ25 ኪሎ በላይ እንዲሆን አያስገድድም። ብዙ መኪናዎች ላይ ተራ ቁጥር 13 ከ75 እስከ 100 ኪሎ አካባቢ ነው። ለዚህም ነው አንዳንድ ሞዴል አውሮፓ ውስጥ ከአሜሪካው የበለጠ እንዲጎትት የሚፈቀድለት። አዎ፣ የበለጠ! “የጎረቤቴ ተመሳሳይ መኪና 2000 ተጽፎለታል” የሚለው ምክር የሚመጣውም ከዚህ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ቀላቅላችሁ አስቡት። የአሜሪካውን መመሪያ ይዛችሁ 250 ኪሎ፣ ለ100 በተሰራ የአውሮፓ መጎተቻ ላይ ብታሳርፉ ብረቱ ከአቅሙ በላይ ይሸከማል፣ የመኪናው ኋላ ይዘቀዝቃል፣ የፊት ጎማ ይቀላል፣ መሪውና ፍሬኑ መሬት አይቆነጥጡም። በአውሮፓ አጫጫን ጭናችሁ በአሜሪካ ፍጥነት ብትነዱ ደግሞ ተሳቢው ይወዛወዛል። አንዴ መወዛወዝ ከጀመረ መኪናውን ይዞት ይሄዳል። ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ? ቁጥር ብቻውን አይጓዝም፤ የተለካበትን ሁኔታ ይዞ ነው የሚሄደው።

በዚህ ላይ ዕቃውም ይለያል። የአውሮፓ ኳስ 50 ሚሊ ሜትር ነው። የአሜሪካው ሁለት ኢንች 50.8 ነው፣ አነስተኛው ደግሞ 47.6። ባለ 50 መያዣ 47.6 ኳስ ላይ ስታስሩት ይቆለፋል፣ የታሰረም ይመስላል። ጉድጓድ ላይ ሲዘል ይወጣል። የአሜሪካ ተሳቢ ብዙውን ጊዜ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ ይሰራል፤ የአውሮፓው ተሳቢው በራሱ ግፊት ነው። የመብራት ሶኬቱ አይገጥምም። ፍሬቻው እንኳን፣ አሜሪካ ውስጥ ከፍሬን መብራት ጋር በአንድ ቀይ አምፖል ሊሰራ ይችላል፣ እዚህ ለብቻው ብርቱካናማ መሆን አለበት። “ያው ነው” የሚለው ሰው ከዚህ ውስጥ የትኛውን ነው የፈተሸው?

ሶስተኛ፣ መኪናው ቢፈቀድለት አንተስ ተፈቅዶልሃል?

ይሄ ነው ሰው የሚያስርሰው። አሜሪካ ውስጥ በተራ መንጃ ፍቃድ ትልቅ ተሳቢ መጎተት የተለመደ ነው። እዚህ ግን ተራው ቢ መንጃ ፍቃድ የሚፈቅደው እስከ 750 ኪሎ የሚደርስ ተሳቢ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ የመኪናውና የተሳቢው የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደት ተደምሮ ከ3500 ኪሎ ማለፍ የለበትም። ቢ 96 የሚባለውን ስልጠና ከወሰድክ እስከ 4250 ትደርሳለህ። ከዚያ በላይ ቢኢ ያስፈልግሃል፣ እሱ የመንዳት ፈተና አለው።

ሂሳቡን እንስራው። የፒክአፑ የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደት 3000፣ የተሳቢው 2000፤ ድምር 5000። ቢ አይሆንም፣ ቢ 96ም አይሆንም። “ተሳቢው እኮ ባዶ ነው!” አያድንህም። ለመንጃ ፍቃድ የሚቆጠረው ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የተፈቀደ ክብደት እንጂ ያን ዕለት የጫንከው አይደለም። ለኦ.1 ደግሞ በተቃራኒው ነው፣ የሚታየው ትክክለኛው ክብደት ነው። ሁለቱን አታምታቱ።

በማይፈቅድልህ መንጃ ፍቃድ መንዳት እዚህ አገር እንደ መኪና ማቆሚያ ቅጣት የሚታይ ነገር አይደለም፤ ወንጀል ነው። ቅጣቱ ገንዘብ ወይም እስከ አንድ ዓመት እስራት ነው። መኪናውን እያወቀ የሰጠውም ባለቤት አብሮ ይጠየቃል። “ፒክአፕህን አውሰኝ፣ ለቅዳሜ ብቻ” የሚባለውን ባህላችንን አውቃለሁ፣ እወደዋለሁም። ነገር ግን ለጓደኛው ቁልፍ የሰጠ ሰው ፊርማውንም እንደሰጠ ይወቅ። ደግሞ መኪናውን ቤት ስትቀይሩ ከቀረጥ ነፃ ካስገባችሁት፣ ጉምሩክን ሳታሳውቁ ለ12 ወር መሸጥም፣ ማከራየትም፣ ማዋስም አይቻልም። ማዋስም!

አራተኛ፣ ሂሳቡን ማን ይከፍላል?

“ማንም ምንም አላለኝም” የሚለው ሰው አደጋ አልደረሰበትም ማለት ብቻ ነው። አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የሚታየው ወረቀት ነው። የግዴታ ኢንሹራንሱ ለተጎዳው ሰው ይከፍላል፤ ጥሩ ነው፣ ተጎጂው ምን አጠፋ? ከዚያ ግን በሕጋዊ ፍቃድ ያልነዳህ ከሆነ ወደ አንተ ዞሮ እስከ 5000 ዩሮ ሊያስመልስ ይችላል። የራስህን መኪና ጉዳት ደግሞ ሊቀንስብህ ወይም ጭራሽ ላይከፍልህ ይችላል።

ከገንዘቡ የሚከፋ አለ። ስንቶቻችን ነን የዜግነት ማመልከቻ አስገብተን የምንጠብቀው? በወንጀል ምርመራ ከተጀመረብህ፣ ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ የዜግነት ውሳኔው ይቆማል። ሕጉ እንዲህ ነው የሚለው። ስንት ዓመት ተምረህ፣ ስንት ዓመት ግብር ከፍለህ፣ ወረቀትህ ለአንድ ቅዳሜ ድንኳን ሲባል መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ያን ጊዜ “አታካብድ” ያለህ ሰው ስልክ ያነሳል ብለህ ነው?

ከሁሉም በላይ ደግሞ ከኋላህ የሚመጣው ሰው አለ። ቤተሰቡን ይዞ፣ ያንተን ተሳቢ አምኖ። እሱ ስለ ፓውንድና ኪሎ አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም።

“ይሄ ሁሉ ቢሮክራሲ ነው!”

አዎ፣ ነው። መዝጋቢው መስሪያ ቤት ቀጠሮ ያረዝማል፣ መርማሪው ወረቀት ይጠይቃል፣ ወረቀቱ ገንዘብ ያስወጣል። በዚህ ከእናንተ ጋር አማርራለሁ። ነገር ግን ጥያቄው ራሱ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፦ ለዚህ ቁጥር ኃላፊነት የሚወስደው ማን ነው? ፋብሪካው ነው? መርማሪው ነው? ወይስ በስልክ የመከረህ የሰፈር ልጅ? ወረቀቱ የሚለው “አንድ ሰው ስሙን ይጻፍበት” ነው። ስሙን የማይጽፍ መካሪ ምክሩን ለራሱ ያስቀምጥ።

መንገዱ ዝግ አይደለም። ተራው ይህ ነው፦

1. ተሳቢ ከመግዛታችሁ በፊት ፋርዞይግሻይኑን አውጡ። ኦ.1፣ ኦ.2 እና 13ን አንብቡ።
2. ሰረዝ ካለ፣ ለመኪናው የሻንሲ ቁጥር የሚሆን የፋብሪካ መረጃ ጠይቁና መርማሪው ጋ ሂዱ። “ምን ማስረጃ ይበቃሃል?” ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ ብረቱን ካስገጠማችሁ በኋላ አይደለም።
3. የምታስገጥሙት መጎተቻ የአውሮፓ ማረጋገጫ ምልክት ያለው ይሁን። በላዩ የተጻፈውን የክብደት ወሰን አንብቡ። ከመኪናው፣ ከመጎተቻውና ከተሳቢው ወሰኖች የሚሰራው ትንሹ ነው።
4. መንጃ ፍቃዳችሁን ገልብጡና የትኛው ምድብ እንዳለ እዩ።
5. ፓውንድ ያለበትን ቁጥር ሁሉ በ0.4536 አባዙ። ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር አለ፣ ሰበብ የለም።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፣ “ይመስለኛል” ብሎ ብሎን ለሚያጠብቅ ልጅ ነጥብ አልሰጥም ነበር። ዛሬም አልሰጥም። ብዙዎቻችሁ በየአገሩ ጋራዥ ውስጥ ናችሁ፣ ወገን ደውሎ የሚጠይቀው እናንተን ነው። ስትጠየቁ “ይጎትታል” አትበሉ። “ወረቀቱን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ” በሉ። ለሚያውቁት ሰው አጋሩት፣ በተለይ ዘንድሮ መኪና በመርከብ ለሚያስመጣ።