የልጅ መጫወቻና የሲኒማ ቅርስ

ለልጅ የሚሰጥ መጫወቻ በወላጅ ዓይን ሲታይ እንደ ኢምንት ነገር ነው፤ ልጁ ጥቂት ቀን ይደሰትበታል፥ ሲሰበርም ይጣላል፥ ማንም አያዝንለትም። የሲኒማ ማስታወቂያ ሥዕልም እንዲሁ ትርኢቱ ባለቀ ማግስት ከግድግዳ ተገንጥሎ የሱቅ ዕቃ መጠቅለያ ይሆናል። ነገር ግን በዛሬው ዘመን እነዚህን ሁለት የተናቁ ነገሮች ለማየትና ለመግዛት በውጭ አገር እጅግ ብዙ ሕዝብ ይሰበሰባልና፥ ነገሩን መርምሮ ለቤተ ሰብ የሚጠቅመውን ማውጣት መልካም ነው።

ሳን ዲዬጎ በሚባለው የአሜሪካ ከተማ በ1962 ዓ.ም. ሥዕላዊ ታሪክ የሚወዱ 300 የሚያህሉ ሰዎች በአንድ ሆቴል ተሰብስበው ነበር። ያ ትንሽ ጉባኤ እያደገ ሄዶ በየዓመቱ ከ100 ሺህ በላይ ሰው የሚገኝበት ሆነ። በእንዲህ ያለው ጉባኤ አንዱ የድሮ መጫወቻውን በመስተዋት ሣጥን አኑሮ ያሳያል፤ ሌላው በፊልም ላይ የታየውን ልብስና የጦር መሣሪያ እየዞረ ይጎበኛል፤ ሽማግሌው እንኳ በልጅነቱ የወደደውን ጀግና መስሎ ለብሶ ያለ ኀፍረት ይመላለሳል።

ይህን ሰምቶ የሚስቅ ቢኖር አይፈረድበትም። ቢሆንም የዋጋውን ምክንያት ማወቅ ይገባል። ስታር ዎርስ የተባለው ፊልም በ1969 ዓ.ም. በወጣ ጊዜ፥ መጫወቻዎቹን ለመሥራት የተዋዋለው ኬነር የሚባለው ኩባንያ ለፈረንጆች ገና ሊያደርስ አልቻለም። ስለዚህ መጫወቻ የሌለበትን ካርቶን ከቃል ኪዳን ወረቀት ጋር ሸጠ፤ ልጁም ወረቀቱን በፖስታ ልኮ መጫወቻዎቹን ከበዓሉ በኋላ ተቀበለ። ዛሬ ያ ካርቶን ሳይጎድል የተገኘ እንደ ሆነ ሰብሳቢዎች በውድ ዋጋ ይገዙታል። ወርቅ ወይም ብር ስላለበት አይደለም፤ ብዙ ልጆች ስለ ወደዱትና ከፍተው ስለ ተጫወቱበት፥ ሳይነካ የቀረው ጥቂት ስለ ሆነ ነው። እንግዲህ ለተቀመጠው አንድ ዕቃ ዋጋ የሰጠው በመሰበር ያለቀው የብዙዎቹ ደስታ መሆኑን እናስተውል።

አሁን ወደ ራሳችን ከተማ እንመለስ። በታኅሣሥ 1888 ዓ.ም. ሉሚዬር የተባሉ ወንድማማቾች በፓሪስ ከተማ ለሕዝብ ያሳዩት ተንቀሳቃሽ ሥዕል፥ ብዙ ሳይቆይ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገባ። በጨለማ ቤት ውስጥ ሰው በግድግዳ ላይ ሲራመድ ያየው ሕዝብ ነገሩን ከርኩስ መንፈስ ሥራ ቈጥሮት፥ የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ዳሩ ግን የፈሩት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች በሲኒማ ኢትዮጵያና በሲኒማ ኢምፓየር ደጃፍ ተሰልፈው ትኬት ገዙ። በዚያው በአራዳ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገር ፍቅር ማኅበር፥ ኋላ አገር ፍቅር ቴአትር የተባለው፥ ዜማንና ቴአትርን ለሕዝብ አስለመደ። «አራዳ» የሚለውም ቃል የሰፈር ስም ከመሆን አልፎ ንቁና ዘመናዊ ሰው ማለት ሆነ።

በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው» የተባለው የአማርኛ ፊልም ወጣ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም በዚያው ዓመት ሥራውን ጀመረ፤ በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ሣህሉም በዚሁ ቴሌቪዥን ለብዙ ዘመን ለልጆች ተረት ሲነግሩ ኖሩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተባለው ዝግጅት ፀሐይ የምትባል ቀጭኔ በአሻንጉሊት መልክ ለሕፃናት ቀረበች፤ በ2018 ደግሞ «ጀምበር» የተባለው ሥዕላዊ ታሪክ ኢትዮጵያዊ ጀግና ይዞ ወጣ። እንግዲህ ልጆቻችን የሚወዱትና የሚሰበስቡት የራሳቸው ነገር የላቸውም ማለት አይቻልም።

የሚያሳስበው የቀደመው ዘመን ምልክት መጥፋቱ ነው። በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲባል በፒያሳ ብዙ የቆዩ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። ቤት በሚለቀቅበት ጊዜ አልጋውና ድስቱ በመኪና ይጫናል፤ የአባት የሲኒማ ትኬት፥ የእናት የወጣትነት ፎቶግራፍ፥ ከሽቦ የተሠራው የልጅ መኪና፥ የጨርቁ ኳስና የገበጣው እንጨት ግን «ይህ ምን ያደርጋል?» ተብለው ከቆሻሻ ጋር ይጣላሉ። ቤቱ ቢፈርስ በሌላ ቦታ ሌላ ቤት ይሠራል፤ በዚያ ቤት እንዴት እንደ ተኖረ የሚመሰክረው ትንሽ ዕቃ ከተጣለ ግን የሚተካው የለም።

ስለዚህ ለእናቶችና ለአባቶች ይህን እንመክራለን።

አንደኛ፥ ለልጅ የተገዛውን መጫወቻ ወደ ፊት ዋጋ ያወጣል ብላችሁ አትቈልፉበት። መጫወቻ አስቀድሞ የልጁ ነው፤ ያልተጫወተበትን ነገር ሲያድግ አይናፍቀውም።

ሁለተኛ፥ ልጁ ከመጫወቻው ዕድሜ ባለፈ ጊዜ ከሁሉ የወደደውን አንዱን እርሱ ራሱ መርጦ ያስቀምጥ። ማን እንደ ሠራው፥ በየትኛው ዓመትና በየትኛው ሰፈር እንደ ተጫወተበት በትንሽ ወረቀት ተጽፎ አብሮት ይኑር። ታሪኩ ያልታወቀ ዕቃ ከዕንጨትነትና ከጨርቅነት አያልፍም።

ሦስተኛ፥ የድሮ ማስታወቂያና ፎቶግራፍ ከፀሐይና ከእርጥበት ይራቅ፤ በሙጫም አይለጠፍ። ከ1943 ዓ.ም. በፊት የተሠራ የሲኒማ ፊልም በቤቱ የተገኘበት ሰው ግን ብዙው በቀላሉ የሚቀጣጠል ነውና ከእሳት አርቆ ለዐዋቂ ያሳይ።

አራተኛ፥ ልጃችሁ የሚወደው የፊልም ጀግና መልኩ ቢያስፈራችሁ፥ ሳታዩ አትኰንኑ። አብራችሁት ተቀምጣችሁ ተመልከቱ፥ ስለምን እንደ ወደደው ጠይቁት፤ የማይገባ ነገር ብታገኙበትም ያን ጊዜ ተግሣጻችሁ ይሰማል። ሲኒማን ሰይጣን ቤት ያሉት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ወደ ውስጥ የገባው ልጃቸው ግን ያየውን የሚያጫውተው ሰው በቤቱ አጣ።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በዚያው በፒያሳ ተከፍቶ የአባቶቻችን ጀግንነት ይታይበታል። የትልቁ ታሪክ ጠባቂ መንግሥት ነው፤ የትንሹ ታሪክ ጠባቂ ግን እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ነው። የሰፈር ሰዎች ከየሣጥናቸው አንዳንድ ዕቃ አውጥተው በአንድ አዳራሽ ቢያኖሩት፥ የሳን ዲዬጎው ጉባኤ በ300 ሰው እንደ ተጀመረ ሁሉ፥ የአራዳ ልጆች የልጅነታቸውን ዘመን የሚያሳዩበት ኤግዚቢሲዮን ከዚህ ሊጀመር ይችላል። ለዚህም የሚያስፈልገው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ዕቃ ከመጣሉ በፊት አንድ ጊዜ ቆም ብሎ ማየት ይበቃል።