«ሰላምታዬን እንኳ አይመልስም»

ከጎተራ ኮንዶሚኒየም የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ስድስት ገጽ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። መሥሪያ ቤትሽንም ሰውዬውንም አልጠራም። ካዛንቺስ ያሉ አንባቢዎቼ ግን «የኛ አለቃ ነው እኮ!» ማለታቸው አይቀርም።

ለሌሎቻችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። እህታችን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዘጠኝ ዓመት የሠራች የሒሳብ ሠራተኛ ናት። አዲሱ የቡድን መሪ ጥርስ ነክሶባታል። ስብሰባ መኖሩን የምትሰማው ካለቀ በኋላ ነው። አፏን ስትከፍት «እሷ ደግሞ ጀመራት» ይላል፤ ሰው ይስቃል። የሥራ አፈጻጸም ነጥቧም ያለ ምክንያት ወርዷል። አሁን ጠዋት ታክሲ ስትጠብቅ ሆዷን ይቆርጣታል። ባሏ ደግሞ «ሄጄ ላናግረው» እያለ ነው።

በመጀመሪያ ባልሽን ቤት አስቀምጪልኝ! አንድ ቃል ከተናገረ ወሬው «ባሏን ልካ አስፈራራችኝ» ይሆንና ከሳሿ ተከሳሽ ትሆኛለሽ።

አለቃ ሥራ ሲበላሽ ቢቆጣ ያ በደል አይደለም። በስዊድን ነገሩን ያጠናው ሄይንዝ ሌይማን መለኪያው ቢያንስ በሳምንት አንዴ፣ ለስድስት ወር ያህል የሚደጋገም ጥቃት ነበር። ስዊድንም እ.ኤ.አ. በ1993 ለዚሁ ደንብ አወጣች። እኛ ዘንድ ደግሞ ግምገማ የሚባል ነገር አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በየመሥሪያ ቤቱ ሲለመድ ሰው ስህተቱን ያርምበታል ተብሎ ነበር፤ ስንቱ ቂሙን ተወጣበት! እንደኔ ያ ልማድ ዛሬም ነጥብ መስጫው ቅጽ ውስጥ ተደብቋል።

ስለዚህ ደብተር ግዢ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃል እንዳለ፣ ማን እንደነበረ ጻፊ። ስድብ አትጨምሪበት፤ ቢሮም አትተዪው። ቀጥሎ ነጥብሽ ለምን እንደወረደ በጽሑፍ ጠይቂ። የ1999ኙ አዋጅ ቁጥር 515ም፣ የተካው የ2010ሩ ቁጥር 1064ም ለፌዴራል ሠራተኛ የቅሬታና የአስተዳደር ፍርድ ቤት መንገድ ከፍተው ነበር። ሕጉ ይሻሻላልና አሁን የሚሠራበትን፣ የማመልከቻ ጊዜውንም ጭምር ከሰው ኃይል ጠይቂ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 24 ስለ ክብርና መልካም ስም ያለውንም ጥቀሺ።

ማመልከቻውን በእጅ ሰጥተሽ እንዳትመለሺ! መዝገብ ቤት ገቢ ይሁን፤ ግልባጭሽ ላይ ቁጥርና ቀን ይጻፍበት። መልስ ካጣሽ ያንን ይዘሽ እንባ ጠባቂ ተቋም ትሄጃለሽ። እስከዚያ ከሥራ እንዳትቀሪ፣ መቅረትሽ ለሱ ሠርግ ነው።

የሳቁት ሁሉ ጠላቶችሽ አይደሉም፤ ነገ ተራው የኔ ነው ብለው ፈርተው የሳቁ አሉ። አንዷን ለብቻዋ ቡና ጋብዣት፤ ምስክር ያስፈልግሻል።

የመምሪያ ኃላፊዎችም ይህን ገጽ ታነባላችሁ አሉ። የአንድ ሠራተኛ ነጥብ ድንገት ሲያሽቆለቁል ከመፈረማችሁ በፊት ጠርታችሁ ብትጠይቁ ምን አለበት?

መልቀቂያሽን ጽፈሽ በቦርሳሽ ይዘሽ እንደምትዞሪ ነግረሽኛል። አትቅደጂው፣ ግን ቤት ይቀመጥ። የሆድ ቁርጠቱን ለሐኪም አሳዪ፤ የሐኪሙንም ወረቀት ደብተርሽ ውስጥ አኑሪው።