አዎንታዊ ውጤት ሁሉ በሽታ አይደለም፦ የአንቲቦዲ የደም ምርመራን እንዴት እናንብብ?

ዓለም ከተማ በጀማና በወንጭት ሸለቆዎች መካከል፣ ከቆላው በላይ የተቀመጠች የመርሐቤቴ ከተማ ናት። ትኩሳት ይዞት ወደዚያ ለሕክምና የሚወጣ ገበሬ ከቆላው ወባ፣ ከደጋው ደግሞ በቅማል የሚተላለፉትን ተስቦን ወይም ግርሻን ይዞ ሊሆን ይችላል። ሁሉም በራስ ምታት፣ በብርድ ብርድ ማለትና በቁርጥማት ስለሚጀምሩ በምልክት ብቻ መለየት አዳጋች ነው። በአገራችን ጤና ተቋማት ለእንዲህ ያለው ታማሚ ከወባው ምርመራ ጋር የዊዳልና የዌይል ፌሊክስ ምርመራዎች መታዘዛቸው የተለመደ ነው። ታማሚውም ውጤቱን ይዞ ሲወጣ «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብኝ» ይላል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አንድ ነው። በዚያ ምርመራ የተገኘው አንቲቦዲ፣ ማለትም የሰውነት የመከላከል ሥርዓት ያዘጋጀው ፀረ እንግዳ አካል ነው። አንቲቦዲ ሰውነት ከዚህ ቀደም ምን እንደገጠመው ይመሰክራል፤ ዛሬ የሚያሳምመው ምን እንደሆነ ግን ብቻውን ሊመሰክር አይችልም። ይህን ልዩነት የዘነጋ ሐኪም አንድ ታማሚን ሲያሳስት፣ የዘነጋ ተመራማሪ ግን ከእርሱ በኋላ የሚመጡትን ሐኪሞች ሁሉ ያሳስታል።

የምርመራዎቹን አሠራር እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1896 ፈርናንድ ዊዳል ያስተዋወቀው ዘዴ የታማሚውን የደም ውሃ ከታይፎይድ ባክቴሪያ ጋር አቀላቅሎ ባክቴሪያዎቹ መጓጎላቸውን ያያል። እ.ኤ.አ. በ1916 ኤድመንድ ዌይልና አርተር ፌሊክስ ያቀረቡት ደግሞ የበለጠ እንግዳ ነው። የተስቦ መንስኤ ሪኬትሲያ ሆኖ ሳለ ምርመራው የሚጠቀመው ፕሮቲየስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያን ነው፤ መሠረቱም የሁለቱ የላይ ገጽታ በአጋጣሚ መመሳሰሉ ነው። መመሳሰል ግን ለብዙዎች በር ይከፍታል። የግርሻ ታማሚ ደም እንኳ ፕሮቲየስን ሊያጓጉል ይችላል። ስለዚህ «ታይፈስ» ተብሎ የተጻፈበት ታማሚ በእርግጥ ግርሻ ይዞት ሊሆን ይችላል።

ስሕተቱ ምን ያህል እንደሚሰፋ በአዲስ አበባ በ270 ትኩሳት ያለባቸው ታማሚዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ያሳያል። በደም ካልቸር የታይፎይድ ባክቴሪያ የተገኘባቸው 7 ሰዎች (2.6 በመቶ) ብቻ ሲሆኑ በዊዳል አዎንታዊ የሆኑት 88 (32.6 በመቶ) ነበሩ። ከ88ቱ መካከል በካልቸር የተረጋገጠላቸው 5 ናቸው፤ የአዎንታዊ ውጤቱ ትክክለኛነት 5.7 በመቶ መሆኑ ነው። ካልቸር ራሱ ከ10 ታማሚዎች 4 ያህሉን ሊያመልጥ ይችላል የሚል ተቃውሞ ተገቢ ነው። ሆኖም ያመለጡትን ብንጨምር እንኳ አብዛኞቹ አዎንታዊ ውጤቶች ከበሽታው ጋር አይገናኙም። በሌላ በኩል የምርመራው አሉታዊ ውጤት 98.9 በመቶ ትክክል መሆኑ ይጠቀስለታል። ነገር ግን ምንም ምርመራ ሳይደረግ ከታማሚዎቹ 97.4 በመቶው ካልቸራቸው ነጻ ነበር። ምርመራው የጨመረው እውቀት እጅግ ጥቂት ነው።

ችግሩ የድሃ አገር ላቦራቶሪ ችግር ብቻ እንዳይመስለን የግርሻን የቅርብ ዘመድ እንመልከት። እኛ ዘንድ ግርሻን የሚያመጣው ቦሬሊያ ሪከረንቲስ ነው፤ በአሜሪካና በአውሮፓ በመዥገር የሚተላለፈውን የላይም በሽታ የሚያመጣው ደግሞ ቦሬሊያ በርግዶርፈሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በኮኔቲከት ግዛት፣ ላይም በተባለች ከተማና አካባቢዋ የሕፃናት መገጣጠሚያ ማበጥ ሲበዛ በመጀመሪያ የተጠረጠረው የልጆች የመገጣጠሚያ ብግነት ነበር። ይህም የመከላከል ሥርዓት የገዛ አካልን ከሚያጠቃባቸው አውቶኢሚዩን ከሚባሉት ሕመሞች የሚመደብ ነው። ባክቴሪያው መንስኤ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1982 በታተመው የዊሊ በርግዶርፈርና የባልደረቦቹ ሥራ ነው። ሆኖም ከታማሚዎቹ ጥቂቶቹ አንቲባዮቲክ ከወሰዱ በኋላም የጉልበታቸው እብጠት ስለሚቀጥል፣ ተመራማሪዎች ለዚህ የመከላከል ሥርዓቱን ይጠረጥራሉ።

የላይም ባክቴሪያ በደም ውስጥ ጥቂት በመሆኑ በማይክሮስኮፕ አይፈለግም፤ ምርመራው በአንቲቦዲ ላይ ይመሠረታል። ያም ሆኖ አንዱ ምርመራ ብቻውን አይታመንም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ያወጣችው መመሪያ ኤላይዛ አዎንታዊ ሲሆን በዌስተርን ብሎት እንዲረጋገጥ ያዝዝ ነበር። ምክንያቱም ቂጥኝም ሆነ ግርሻ ኤላይዛውን አዎንታዊ ሊያደርጉት ይችላሉ። በተጨማሪም ታማሚው ከዳነ በኋላ አንቲቦዲው ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከምሥራቅ አፍሪካ ወደ አውሮፓ በተሰደዱ ወጣቶች ላይ ግርሻ ታይቷል። ከእነርሱ አንዱ ከዓመታት በኋላ ጉልበቱን ቢያመውና የላይም ምርመራ ቢደረግለት፣ ታሪኩን ያልጠየቀ ሐኪም ስሕተት ላይ ሊወድቅ ይችላል።

በአውቶኢሚዩን ምርመራም ሁኔታው ያው ነው። ሉፐስን ለመፈለግ የሚታዘዘው የኤኤንኤ ምርመራ ጤነኞችንም «ይይዛል»። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳሳየው፣ ከጤነኛ ሰዎች 31.7 በመቶው ደማቸው 40 ጊዜ ቀጥኖ እንኳ አዎንታዊ ነበር፤ 160 ጊዜ ሲቀጥን 5 በመቶ ደርሷል። ሩማቶይድ ፋክተርም በሳንባ ነቀርሳና በሌሎች ሥር የሰደዱ ኢንፌክሽኖች ይነሣል። ኢንፌክሽን በበዛበት አገር ለቁርጥማት ሁሉ እነዚህን ማዘዝ ጤነኛውን ታማሚ ማድረግ ነው።

«ካልቸር በሌለበት ምን እናድርግ?» የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ መልሱም በከፊል በእጃችን ነው። የግርሻ ባክቴሪያ በትኩሳቱ ወቅት በደም ጠብታ ላይ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ለወባ የተዘጋጀው ያው ስላይድ በጥንቃቄ ቢታይ ሁለቱንም ሊያሳይ ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው የሠለጠነ ዓይንና በቂ ጊዜ ነው። አንቲቦዲን መለካት ግድ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ ከአንድ ናሙና ይልቅ በሁለት ሳምንት ልዩነት የተወሰዱ ሁለት ናሙናዎች ይነጻጸሩ፤ መጠኑ 4 እጥፍ ከጨመረ ምስክርነቱ ይጠነክራል።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው። የለካነው አንቲቦዲ ከሆነ በርእሳችን ላይ «የታይፎይድ ሥርጭት» ብለን አንጻፍ፤ «የአንቲቦዲ ሥርጭት» እንበል። ሁለተኛ፣ የአካባቢው ጤነኛ ሰው አንቲቦዲ ምን ያህል እንደሆነ ሳናውቅ ከሌላ አገር የተዋስነውን የመለያ ነጥብ አንጠቀም። የመንዝና የመርሐቤቴ ጤነኞች መነሻ መጠን ራሱን የቻለ ጥሩ የመመረቂያ ጥናት ይወጣዋል። ሦስተኛ፣ «አዎንታዊ» ወይም «አሉታዊ» ብቻ ከመጻፍ ይልቅ መጠኑንና ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን አብረን እንመዝግብ።

ጉዳዩ የቃላት ክርክር አይደለም። በግ ሸጦ መድኃኒት የገዛ ገበሬ የያዘው ግርሻ ከሆነ፣ ለታይፎይድ የታዘዘለት መድኃኒት ላያድነው ይችላል። ግርሻ ካልታከመ በወረርሽኝ ወቅት ከታማሚዎቹ እስከ 40 በመቶ የሚደርሱትን እንደሚገድል ተመዝግቧል፤ በወቅቱ ሲታከም ግን አብዛኛው ይድናል። ያለ አግባብ የተሰጠው አንቲባዮቲክም ባክቴሪያን አለማምዶ ነገ ለሌላው ታማሚ ዋጋ ያጣል። አንቲቦዲ ታማኝ ምስክር ነው፤ እኛም ያላየውን እንዲመሰክር አናስገድደው።