ፕሪንት አድርገው ይምጡ

የዚህ ዓምድ ጸሐፊ ከማኅተም ጋር ያለው ጠብ የቆየ መሆኑን አንባቢዎቹ ያውቃሉ። ሰሞኑን እርቅ የወረደ መስሎት ነበር፤ ባለፈው ማክሰኞ ግን ፈረሰ።

ስሙ እዚህ የማይጠራ አንድ መሥሪያ ቤት «አገልግሎታችን ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ሆኗል» የሚል ትልቅ ባነር በራፉ ላይ ሰቅሏል። ከጽሑፉ ሥር አረንጓዴ ቅጠል ተስሎ «ዛፎችን እንታደግ» ተብሎበታል። ጸሐፊው ደስ ብሎት እቤቱ ገባና በስልኩ ፎርሙን ሞላ፣ መታወቂያውን ፎቶ አንስቶ ላከ፣ ክፍያውን በቴሌብር ፈጸመ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም። በማግስቱ አጭር መልእክት መጣለት፦ የሞሉትን ፎርም ፕሪንት አድርገው፣ ፈርመውበት፣ የመታወቂያ ሁለት ኮፒ አያይዘው፣ ኦሪጅናሉን ይዘው በአካል ይቅረቡ።

ቀረበ። መስኮቱ ላይ ያለችው ወጣት ትሁት ናት። «አባቴ፣ ማመልከቻዎን ሲስተሙ ላይ አይቼዋለሁ፤ ግን ለፋይል ያስፈልገናል» አለችው። ፋይል የተባለው ከኋላዋ ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ ገሚሱ በሲባጎ የታሰረ ነው። ጸሐፊው ሽማግሌነቱን ተማምኖ ሕግ ጠቀሰላት፦ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለኤሌክትሮኒክ ፊርማ ዕውቅና ከሰጠ ስንት ዓመቱ፣ አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም የኤሌክትሮኒክ ግብይትን ሕጋዊ ካደረገ ሰንብቷል። «እሱ እንኳ እኛ ጋ አልደረሰም» አለችና ማኅተሟን መታች። ከዚያ ወረቀቱን ስካን አድርጋ መልሳ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባችው።

ከኮምፒውተር የወጣ ወረቀት ከተማ ዞሮ ኮምፒውተር ገባ።

«ወረቀት አልባ ቢሮ» የሚባለው ተስፋ አዲስ አይደለም። ቢዝነስ ዊክ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ስለ መጪው ዘመን ቢሮ ያተተው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ከሩብ ምዕት ዓመት በኋላ አቢጌል ሴለንና ሪቻርድ ሃርፐር የተባሉ ተመራማሪዎች ቢሮዎቹን ገብተው ሲያዩ ነገሩ ተገላብጦ አገኙት፤ ኢሜይል የገባባቸው ድርጅቶች የወረቀት ፍጆታ በአማካይ 40 በመቶ ጨምሯል። ምስጢሩ ቀላል ነው። ድሮ ደብዳቤ የሚያባዛ ሰው ታይፒስት መለመን ነበረበት፤ አሁን አንድ ቁልፍ መጫን ይበቃዋል። ጸሐፊው ይህን ሲያነብ የመዝገብ ቤቱ ሲባጎ ነው ትዝ ያለው።

እንዲህ ሲባል ግን ወረቀት ከናካቴው የማይለቅ ነቀርሳ ነው ማለት አይደለም። የአውሮፕላን ትኬትን ማየት ነው። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ አንባቢዎች ያንን ካርቦን የተቀባ፣ በቅጠል በቅጠል የሚገነጠል ደብተር መሰል ትኬት ያስታውሱታል፤ ከጠፋ ጉዞውም አብሮ ይጠፋ ነበር። ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር አያታ ቀን ቆረጠለት። ከሰኔ 1 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወረቀት ትኬት ለወኪሎች ማደሉን አቆመ። በማኅበሩ ስሌት የወረቀቱ ትኬት 10 ዶላር ያህል ሲያስወጣ የኤሌክትሮኒኩ 1 ዶላር ብቻ ነበር። ነገሩን ያሳካው ኮምፒውተሩ ብቻ አይደለም፤ ወረቀቱ መከልከሉ ነው። «ለፋይል» የምትባል ቀዳዳ አልተተወችም።

ዱባይም ያደረገችው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ዕቅድ አውጥታ በታኅሣሥ 2021 መንግሥቷ መቶ በመቶ ከወረቀት ወጥቷል ብላ አወጀች፤ 336 ሚሊዮን ወረቀትና 14 ሚሊዮን የሥራ ሰዓት ማዳኗንም ተናገረች። የጸሐፊው የእህት ልጅ እዚያ ትሠራለች። ስለ ማክሰኞው ጉዳይ በስልክ ሲያጫውታት ሳቀችና «ጋሼ፣ እኔ ግን ለእረፍት አገሬ ስገባ ስምንት ጉርድ ፎቶ ይዤ ነው የምመጣው፤ መቼ እንደሚጠየቅ አይታወቅም» አለችው።

እስካሁን ስለ ወረቀት ብቻ ማውራታችን ግን የባነሩ ጥፋት ነው። ዛፍ መሳል ቀላል ስለሆነ ሁሉም ዛፍ ይስላል። ትልቁ ብክነት ያለው መንገድ ላይ ነው። ዩፒኤስ የሚባለው የአሜሪካ ዕቃ አመላላሽ ኩባንያ ሾፌሮቹ በየትኛው ቅደም ተከተል ዕቃ ማደል እንዳለባቸው የሚያሰላ ኦራየን የተባለ ፕሮግራም ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 በአገሩ ውስጥ ዘርግቶ ጨረሰ። የኩባንያው መኪኖች ወደ ግራ መታጠፍን በተቻለ መጠን ይሸሻሉ፤ ከፊት የሚመጣ መኪና እስኪያልፍ ሞተር አስነስቶ መቆም ነዳጅ ይበላልና። ውጤቱ በዓመት 160 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞና 38 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ነዳጅ መቆጠብ ሆኗል፤ ወደ አየር ሳይለቀቅ የቀረው ካርቦን ደግሞ 100 ሺህ ቶን ይደርሳል፤ ኩባንያው ራሱ እንደሚለው። (ግራ መታጠፍ ክልክል ነው ቢባል አዲስ አበባ ላይ ስንቱ ሰው እቤቱ በገባ ነበር የሚለው ለሌላ ሳምንት ይቆይ።)

አሁን የጸሐፊውን ኪሎ ሜትር እንቁጠር። ከጀሞ ተነስቶ፣ ሜክሲኮ ላይ ታክሲ ቀይሮ፣ ተሰልፎ ደረሰ፤ «ሲስተም የለም»። በሁለተኛው ቀን ሲስተሙ መጣ፤ ማኅተም የምትይዘው ልጅ ስብሰባ ላይ ናት። ተሳካ የተባለው በሦስተኛው ነው። በድሮው አሠራር ሁለት ቀን ነበር የሚፈጀው። እንግዲህ የከተማውን ሕዝብ በሦስት ምልልስ ማባዛት ነው፤ ሚኒባሶቹም በባዶ አየር አይሄዱም።

አንድ ወዳጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ «ኮምፒውተሩስ መብራት አይበላም እንዴ?» ብሎ ተከራከረው። ይበላል። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እንደሚለው የዓለም የመረጃ ማዕከላት እ.ኤ.አ. በ2024 የተጠቀሙት ኤሌክትሪክ ከዓለም ፍጆታ 1.5 በመቶ ገደማ ነው። የተጣለው ኤሌክትሮኒክስ ደግሞ በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን ደርሷል፤ በወጉ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ሩቡን እንኳ አይሞላም። እኛ ዘንድ መብራቱ በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ ጭስ የለውም፤ ጭሱ የሚመጣው መብራት ሲሄድና የመሥሪያ ቤቱ ጀነሬተር ሲነሳ ነው። ወዳጁ ልክ ሊሆን ይችላል። ግን ኮምፒውተሩንም ወረቀቱንም ጀነሬተሩንም አብሮ የሚያስኬድ መሥሪያ ቤት ፊት ለፊቱ ተገትሮ እያለ ክርክሩን ከመረጃ ማዕከል መጀመሩ ለጸሐፊው አልዋጥ ብሎታል።

ከዚህ ሁሉ ያተረፈ ሰው ቢፈለግ ከመሥሪያ ቤቱ አጥር ጥግ ኮንቴይነር ውስጥ ፎቶ ኮፒ የምታነሳው ሴት ናት። ጸሐፊው ሥራዋ ሊሞት ነው ብሎ አዝኖላት ነበር። «ኧረ ጋሼ፣ ኦንላይን ከመጣ ወዲህ ተመስገን ነው!» አለችው። ስልክ ለማይችል ፎርም ትሞላለች፣ ፕሪንት ታደርጋለች፣ ኮፒ ታነሳለች፣ ማኅተም ሲመታበት ደግሞ ስካን ታደርጋለች። ድሮ አንዱን ብቻ ነበር የምትሠራው። ሁለተኛ ማሽን ገዝታለች።

የተበላሸውን ወረቀት ግን አትጥልም። ከአጠገቧ ለተቀመጡት ቆሎ ሻጭ እናት ትሰጣቸዋለች። ጸሐፊው ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቆረጥም የአንድ ስኒ ቆሎ ገዛ። ጨርሶ መጠቅለያውን ሲፈታው ኦንላይን የተሞላ ፎርም ነው፤ የአመልካቹ ስም አጠገብ የሱፍ ገለባ ተጣብቋል። ከግርጌው፣ ቀለሙ አልቆ ግማሹ ብቻ በወጣ መስመር፣ «አካባቢን ለመጠበቅ ይህን ሰነድ አያትሙ» ይላል።