ትንሹን ነገር ስላለመናቅ

በዚህ ዘመን የባንኩ ሒሳብ፤ የሐኪም ቤቱ መዝገብ፤ የመሥሪያ ቤቱም ደብዳቤ በኮምፒውተር የሚሠራ ስለ ኾነ፤ ለኮምፒውተር ትእዛዝ የሚጽፈው ባለሙያ በየዕለቱ የሚያስበው ሐሳብ የእርሱ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሕዝቡ የሚያየው የተፈጸመውን ሥራ ነው እንጂ፤ ባለሙያው ስለ አንዲት መስመር ሲጨነቅ የሚያመሽበትን ሰዓት አያይም። የዚህ ጭንቀት ዋጋ ምን ያህል እንደ ኾነ ግን በ2016 ዓ.ም. የተገለጸው ነገር በግልጥ አስረድቷል።

አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባለው የማይክሮሶፍት ኩባንያ ባልደረባ፤ ፖስትግሬስ የተባለውን የመረጃ ማከማቻ ፕሮግራም ከሚያበጁት ሰዎች አንዱ ነው። ይህ ሰው የፕሮግራሙን ፍጥነት ሲመዝን ሳለ፤ ባለሙያዎች በሩቅ ወዳለ ኮምፒውተር የሚገቡበት ኤስ ኤስ ኤች የተባለው መግቢያ ከቀድሞው ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አስተዋለ። ሌላ ሰው ቢኾን «ይህ ምን ቁም ነገር አለው» ብሎ ባለፈው ነበር። እርሱ ግን ምክንያቱን ሳያውቅ ማለፍን አልወደደምና ነገሩን ከሥሩ መረመረ። በምርመራውም፤ የመረጃን መጠን ለማሳነስ በሚያገለግለው ኤክስ ዜድ በተባለው ፕሮግራም ውስጥ የተሰወረ የጓሮ በር አገኘ፤ መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ለዓለም አስታወቀ። የዚህ በር ምስጢራዊ ቁልፍ ያለው ሰው በሌላው ኮምፒውተር ላይ እንደ ልቡ ሊያዝ ይችል ነበር። ደግነቱ በሩ ያለባቸው 5.6.0 እና 5.6.1 የተባሉት እትሞች ገና ለሙከራ በሚሠራባቸው የሊኑክስ ዐይነቶች ላይ ነበሩ እንጂ ብዙው ሰው ወደሚሠራበት አልደረሱም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

በሩ የተሠራበት መንገድ ደግሞ ከበሩ ይልቅ ያስደነግጣል። ኤክስ ዜድን ለብዙ ዓመታት የጠበቀው ላሴ ኮሊን የተባለ የፊንላንድ ሰው ነው፤ ሥራውንም ያለ ደመወዝ በትርፍ ጊዜው ይሠራ ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. ጂያ ታን በሚል ስም የቀረበ ሰው ረዳት ኾኖ መጣ፤ ከኹለት ዓመት በላይም መልካም ሥራ እየሠራ አመኔታን አተረፈ። ሌሎችም ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች ጠባቂውን «ሥራህ ዘገየ፤ ለሌላ አስረክብ» እያሉ አስጨነቁት። ሥልጣኑ በእጁ ከገባ በኋላ ረዳት የተባለው፤ ለመፈተኛ ተብለው በተቀመጡ ፋይሎች ውስጥ ክፉውን ነገር ሸሸገ። እንግዲህ ታላላቅ ኩባንያዎች የሚገለገሉበት ዕቃ በአንድ የደከመ ሰው ትከሻ ላይ ተጥሎ ነበር ማለት ነው።

በጥንት ጊዜ መጻሕፍት በእጅ ሲጻፉ፤ ቁም ጸሐፊው ከጨረሰ በኋላ ሊቁ እየተመለከተ ያርም ነበር፤ አንዲት ፊደል ስትለወጥ ምስጢሩ እንደሚለወጥ ያውቃልና። በግዕዝ «ሰአለ» ለመነ ማለት ሲኾን «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ማለት ነው፤ ለጆሮ አንድ የሚመስለው ነገር ጸሎትን ወደ ሥዕል ይለውጣል። የፕሮግራም ጸሐፊውም ሥራ እንዲሁ ነው፤ ኮምፒውተር የተጻፈለትን ይፈጽማል እንጂ የጸሐፊውን ልብ አያይም። ስለዚህ አራሚ የሌለው ጸሐፊ፤ ምንም እንኳ ብርቱ ቢኾን፤ ለስሕተትና ለአታላይ የተጋለጠ ነው።

በኢትዮጵያም በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. አምስት ሚሊዮን ሰዎችን በዚህ ሙያ ለማሠልጠን ዕቅድ ወጥቶ ሥራው ተጀምሯል። የቍጥሩ ታላቅነት የሚያስደስት ነው፤ ነገር ግን ሙያው የሚለካው በሠለጠኑት ብዛት ብቻ አይደለም። ተማሪው ትእዛዝ መጻፍን ብቻ ሳይኾን የሌላውን ጽሕፈት አንብቦ ማረምን፤ የዘገየውንም «ለምን ዘገየ» ብሎ መጠየቅን ሊማር ይገባዋል። መሥሪያ ቤቶችም በነጻ የተገኘውን ፕሮግራም ሲጠቀሙ ጠባቂው ማን እንደ ኾነ ማወቅ፤ በሰውም በገንዘብም መርዳት ይገባቸዋል። በነጻ የተገኘ ዕቃ ያለ ጠባቂ ሲቀር፤ ዋጋው ኋላ በብዙ እጥፍ የሚከፈል ነውና።