ልብ ወለድ ውሸት ነውን?

ዛሬ ስለ ተረት አነጋገርና ስለ ልብ ወለድ አጻጻፍ ጥቂት እንነጋገራለን።

ከእናንተ መካከል ታሪክ መጻፍ የሚወዱ እንዳሉ አውቃለሁ። ከትምህርት በኋላ በደብተራችሁ የጻፋችሁትን ይዛችሁ «ዲያቆን፣ ይህን እዩልኝ» የምትሉ አላችሁ። ነገር ግን «ያልሆነውን ነገር ሆነ ብሎ መጻፍ ኃጢአት አይደለም ወይ?» ብሎ የሚጠይቅም አይጠፋም። በቤቱም «ይህን ውሸት ከምትጽፍ ትምህርትህን አጥና» የተባለ ልጅ አለ። ጥያቄው ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በሐሰት መመስከር በዐሥርቱ ትእዛዛት ተከልክሏልና። የእኔ አሳብ ግን ይህ ነው፦ ልብ ወለድ ውሸት አይደለም። እንዲያውም በደንብ መጻፍ የሚፈልግ ልጅ ከሌላው ሁሉ ይልቅ እውነትን መውደድ አለበት። ለምን እንዲህ እንደምል ልንገራችሁ።

ውሸትና ልብ ወለድ በምን ይለያሉ?

ውሸታም ሰው የሚፈልገው እንድታምኑት ነው። ብርጭቆ የሰበረ ልጅ «ድመቷ ናት የሰበረችው» ቢል፣ እናቱ አምናው እርሱን ትታ ድመቷን እንድታባርር ነው። ተረት የሚነግራችሁ ሰው ግን ገና ሲጀምር «ተረት ተረት» ይላል፤ እናንተም «የላም በረት» ብላችሁ ትመልሳላችሁ። ይህ ለጨዋታ ብቻ የሚባል አይደለም። ተናጋሪው «የምነግራችሁ የተፈጠረ ነገር ነው» ማለቱ ነው፤ ሰሚዎቹም «ዐውቀናል፣ ቀጥል» ማለታቸው ነው። በዚህ መካከል የተታለለ ማንም የለም። ቀበሮና ዝንጀሮ ሲነጋገሩ በተረት የሰማ ሕፃን እንኳ፣ በማግሥቱ ከቀበሮ ጋር ሊጫወት ወደ ጫካ አይሄድም።

«ልብ ወለድ» የሚለው ስም ራሱ ይህንኑ ይናገራል፤ ልብ የወለደው ማለት ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ከተማ ያሳተሙት፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ተብሎ የሚታወቀው መጽሐፍ ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። ደራሲው ነገሩን ከሽፋኑ ጀምረው ለአንባቢ ገልጠዋል።

ታሪክ ለምን ይጠቅማል?

ንጉሥ ዳዊት የኦርዮንን ሚስት ወስዶ ኦርዮን በጦር ሜዳ እንዲሞት ባደረገ ጊዜ፣ ነቢዩ ናታን ወደ እርሱ ገብቶ ስለ አንድ ባለጸጋና ስለ አንድ ድኻ ነገረው (2ኛ ሳሙ. ምዕ. 12)። ባለጸጋው ብዙ በጎች ነበሩት። ድኻው ግን አንዲት ጠቦት ብቻ ነበረችው፤ ከልጆቹ ጋር ያደገች፣ ከእንጀራው የምትበላ፣ በብብቱ የምትተኛ። ባለጸጋው እንግዳ ሲመጣበት ለራሱ በጎች ሳስቶ የድኻውን ጠቦት አረደ። ዳዊት ይህን ሲሰማ እጅግ ተቆጣና ፈረደ። ያን ጊዜ ናታን በደለኛው ሰው ንጉሡ ራሱ መሆኑን ገለጠለት።

ልጆች፣ አስተውሉ። ናታን ገና እንደ ገባ «በድለሃል» ብሎ ቢጀምር ዳዊት ምክንያት ይደረድር ነበር ይሆናል። በታሪኩ ውስጥ ግን በደሉን ከውጭ ሆኖ አየው፤ እውነተኛም ፍርድ ፈረደ። ጠቦቷ በብብቱ ትተኛ ነበር የሚለውን ደግሞ ልብ በሉ። ናታን «አንድ ድኻ አንዲት በግ ነበረችው» ብቻ ብሎ ቢያልፍ ኖሮ የዳዊት ቁጣ ይህን ያህል ባልነደደ ነበር። አንዲት ትንሽ ነገር በትክክለኛው ቦታ ስትገባ የሰውን ልብ ትከፍታለች።

ከጌታችን ምሳሌዎች የምንማረው

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ሕዝቡን ያስተማረው ብዙ ጊዜ በምሳሌ ነው። ስለ ጠፋው ልጅ የተነገረውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ (ሉቃ. 15፥11-32)። እስቲ አሁን ታሪክ መጻፍ እንደሚማር ሰው ሆናችሁ እንደገና አንብቡት።

ልጁ ምን ያህል እንደ ተቸገረ ለማሳየት በብዙ ቃል «አሳዛኝ ነበር» አልተባለም። እሪያዎች የሚበሉትን ሊበላ እንደ ተመኘ ተነገረን፤ በቃ፣ ገባን። አባቱም ምን ያህል እንደሚወደው በረጅሙ አልተተረከም። ልጁ ገና ሩቅ ሳለ እንዳየውና እንደ ሮጠ ተነገረን። ሩቅ ሳለ ያየው መንገዱን ሲመለከት ኖሮ ይሆን? ይህን የምናስበው እኛ ነን።

መጨረሻውንም ተመልከቱ። ታላቁ ወንድም ተቆጥቶ ውጭ ቆሟል፤ አባቱም ወጥቶ ይለምነዋል። ከዚያስ ገባ ወይስ ሳይገባ ቀረ? አልተነገረንም። ታሪኩ በዚያው ቆመ። ለምን ይመስላችኋል? እኔ እንደሚመስለኝ መልሱ ለሰሚው ስለ ተተወለት ነው። እኛም ወንድማችን ሲመለስ የምንቆጣ ከሆነ፣ ውጭ የቆምነው እኛ ነን።

እንዴት እንማር?

በመጀመሪያ መስማት ነው። አያቶቻችሁ ሳሉ ተረት ጠይቋቸው። አባባ ተስፋዬ እየተባሉ የሚታወቁት ተስፋዬ ሳህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለ40 ዓመታት ያህል ለልጆች ተረት ነግረዋል፤ በ2009 ዓ.ም. ዐርፈዋል። እርሳቸውን እየሰሙ ያደጉ ወላጆች ዛሬ በየቤታችሁ አሉ። ተረቱን ብቻ ሳይሆን የት ላይ ድምፃቸውን ዝቅ እንደሚያደርጉ፣ የት ላይ ዝም እንደሚሉ እንዲያሳዩአችሁ ለምኗቸው።

ሁለተኛው የምታውቁትን መጻፍ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲጽፉ፣ ዋናውን ሰው በዛብህን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ ወጣት አደረጉት። ደራሲው ራሳቸው በጎጃም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ ናቸውና የተማሪውን ኑሮ ያውቁታል። መጽሐፉን ስታድጉ ታነቡታላችሁ። እናንተም አይታችሁት ስለማታውቁት ስለ ሩቅ አገር ንጉሥ ከመጻፍ ስለ ሰፈራችሁ ወፍጮ ቤት፣ ስለ ውኃ ወረፋ፣ ስለ ታክሲ ረዳቱ ብትጽፉ ይሻላል።

ሦስተኛው ማየት ነው። «አንድ ድኻ ልጅ ነበረ፤ በጣም ያሳዝን ነበር» ብሎ የጻፈ ልጅ ገና አላየም። «ልጁ ዝናብ ሲመጣ ጫማውን አውልቆ በብብቱ ይይዝ ነበር» ብሎ የጻፈ ግን አይቷል። ሁለተኛው «ድኻ» የሚል ቃል የለበትም፤ ነገር ግን ጫማው አንድ ብቻ እንደሆነና እንዳይበላሽበት እንደሚፈራ ዐወቅን።

አራተኛው ክፉውን ሰው እንደ ሰው መጻፍ ነው። ብዙ ልጆች የሚጽፉት ሌባ ከጠዋት እስከ ማታ ሌባ ነው። እርሱም እናት አለው፤ እርሱም ይርበዋል፤ ምናልባት ታናሽ እኅቱን አቅፎ ያስተኛል። ይህን መጻፍ ስርቆቱን ደግ አያደርገውም። የምንጠላው ሥራውን እንጂ ሰውየውን አለመሆኑን ያስተምረናል።

አምስተኛው መሰረዝ ነው። ብዙዎቻችሁ በመጨረሻ «ስለዚህ ልጆች ከዚህ ታሪክ የምንማረው» ብላችሁ ትጨርሳላችሁ። እስቲ ያን ዓረፍተ ነገር ሰርዙትና ታሪኩን ለታናሽ ወንድማችሁ አንብቡለት። ከዚያ «ምን ገባህ?» በሉት። ከገባው መጨረሻው አላስፈለገም ነበር። ካልገባው ደግሞ የሚታረመው መካከሉ ነው።

ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

ልብ ወለድ ውሸት የሚሆንበት ጊዜም አለ። ስለ አንድ ቅዱስ ያልተጻፈ ተአምር ከልባችሁ ፈጥራችሁ ከገድሉ የተገኘ አስመስላችሁ ለበዓል ብታቀርቡ፣ ያ ልብ ወለድ አይደለም፤ ማታለል ነው። ሰሚው እውነት ነው ብሎ ይቀበለዋል፤ ለሌላውም ይነግረዋል። ለቅዱሳን ክብር የእኛ ጭማሪ አያስፈልጋቸውም።

እንዲሁም የክፍል ጓደኛችሁን ነውር ስሙን ብቻ ለውጣችሁ ብትጽፉት ሐሜት ነው። ሁሉም እየሳቀ ሲሰማ አንድ ልጅ በመካከል አንገቱን ከደፋ፣ ያ ታሪክ ጥሩ ታሪክ አይደለም። የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ቅደዱት።

ወላጆችም ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ልጃችሁ የጻፈውን ታሪክ ይዞ ሲመጣ «ውሸት ነው» ብላችሁ አትመልሱት። ቁጭ በሉና ስሙት። ሌላ ሰው ምን እንደሚሰማው የሚያስብ ልጅ፣ ባልንጀራውን መውደድ እየተለማመደ ነው።

የሳምንቱ ሥራ

1. ከቤታችሁ ታላቅ ሰው አንድ ተረት ሰምታችሁ፣ ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ በቃላችሁ ያዙ።

2. ዛሬ ወደ ቤት ስትሄዱ በመንገድ ያያችሁትን አንድ ሰው በዐምስት መስመር ጻፉ። «ደግ»፣ «ክፉ»፣ «ድኻ»፣ «ሀብታም» የሚሉትን ቃላት አትጠቀሙ።

3. የጠፋው ልጅ ታላቅ ወንድም በዚያች ሌሊት ውጭ ቆሞ ምን ያስብ ነበር ትላላችሁ? ተነጋገሩበት።

የጻፋችሁትን በሚቀጥለው ሰንበት ይዛችሁ ኑ። ሁላችንም እንሰማለን።